ከቨር ዘፈን ፊልማችሁ ውስጥ ልታስገቡ ካሰባችሁ

ፊልም የሚሠሩ ጓደኞቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ። «ዘፈኑን የዘፈንነው ራሳችን ነን፤ ኦሪጅናሉን ቅጂ አልነካንም። ታዲያ ማንን ነው የምናስፈቅደው?» ይሉኛል። መልሱን ሳያውቁ ቀርጸው፣ ኤዲት አድርገው፣ ፊልሙን ሊያሳዩ ሲሉ የተያዙ ሰዎች አውቃለሁ። እኔ የአንድ አጭር ፊልም ፕሮዲውሰር ሆኜ አንድ የታወቀ ዘፈን በከቨር፣ ማለትም በራሳችን ሰው እንደገና አዘፍነን፣ አስገብተናል። ፈቃዱንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተከታተልኩት እኔ ነኝ። ያየሁትን በዝርዝር ልጻፍላችሁ፤ ለአንዳንዶቻችሁ ብዙ መንከራተት ያስቀርላችኋል።

በአንድ ዘፈን ላይ ሁለት የተለያዩ መብቶች አሉ። አንዱ የዜማውና የግጥሙ ነው። የደራሲዎቹ መብት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚያስተዳድርላቸው ደግሞ ፐብሊሸር የሚባለው ድርጅት ነው። ሌላው የተቀረጸው ድምፅ ነው። በሙያው ማስተር ይሉታል፤ ባለቤቱ ያስቀረጸው የሙዚቃ ኩባንያ (ሌብል) ወይም ድምፃዊው ራሱ ይሆናል። ዜማና ግጥምን ከምስል ጋር ለማዋሃድ የሚሰጠው ፈቃድ ሲንክ ላይሰንስ ይባላል፤ ቅጂውን ለመጠቀም የሚሰጠው ደግሞ ማስተር ላይሰንስ።

ከቨር ስትሠሩ የድሮውን ቅጂ ስለማትጠቀሙ ከሌብሉ ጋር ምንም ጉዳይ የላችሁም። ዜማውና ግጥሙ ግን ያው ናቸው። ማንም ይዝፈነው፣ በጊታርም ይሁን ያለ መሣሪያ በድምፅ ብቻ፣ ሲንኩን የግድ ማስፈቀድ አለባችሁ። በአጭሩ፣ ከቨር ከሁለት ፈቃድ አንዱን ያስቀርላችኋል፤ ሁለቱንም አያስቀርም። አንዱ መቅረቱ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። የታወቀ ድምፃዊ ማስተር ራሱን የቻለ ከባድ ወጪ ሊሆን ይችላል፤ ትንሽ በጀት ያለው ፊልም ወደ ከቨር የሚሄደውም በዚህ ምክንያት ነው።

የእኛ ፊልም ላይ ዘፈኑ ስክሪፕቱ ውስጥ ነበር። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ብቻዋን ሆና ልብስ እያጣጠፈች ትዘፍነዋለች፣ ካሜራው ፊቷ ላይ ነው። እዚህ ጋ ቆም በሉ፤ ከሁሉም በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ነገር ነው። ከጀርባ የሚገባ ሙዚቃ ፈቃዱ ቢከለከል በሌላ ይተካል፤ ኤዲተሩ ያማርራል እንጂ ፊልሙ አይሞትም። ተዋናይ በካሜራ ፊት ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች የዘፈነችው ግን ከተቀረጸ በኋላ አይተካም። ፈቃዱ ከሌለ ትዕይንቱ በሙሉ ይወጣል፤ ወይ ተመልሶ ይቀረጻል። ስለዚህ ተዋናይ የምትዘፍነው ዘፈን ካለ ፈቃዱ ከቀረጻ በፊት በእጃችሁ መሆን አለበት። እኛ ፈቃዱ በጽሑፍ ሳይመጣ የቀረጻ ቀን እንዳይቆረጥ ለዳይሬክተሩ ነገርኩት፤ ቅር ቢለውም ተስማማ። ያም ሆኖ ለክፉ ቀን ብለን ያንኑ ትዕይንት በሌላ መልክም ቀርጸነዋል። የራሳችን የሙዚቃ ደራሲ የሠራትን ትንሽ ዜማ እያንጎራጎረች ልብሱን ታጣጥፋለች። አልተጠቀምንበትም፤ ግን መኖሩ ብቻ ድርድሩ ላይ ልቤን አረጋጋልኝ። አማራጭ የሌለው ሰው የተጠየቀውን ይከፍላል።

መጀመሪያ ባለመብቶቹን መፈለግ ነው። የደራሲዎችን ክፍያ የሚሰበስቡ ማኅበራት መፈለጊያ አላቸው፤ ብዙዎቹን ማንም በነፃ ያያቸዋል። አሜሪካ ውስጥ አስካፕና ቢኤምአይ በ2020 ሶንግቪው የሚል የጋራ መረጃ ቋት ከፍተዋል፤ እንግሊዝ ፒአርኤስ፣ ፈረንሳይ ሳሴም፣ ጀርመን ጌማ አለ። የዘፈኑን ርዕስ ትጽፋላችሁ፣ ደራሲዎቹ ከነፐብሊሸሮቻቸው ይመጣሉ፤ አንዳንዱ ጋ የየድርሻው መቶኛም ይታያል። ተመሳሳይ ርዕስ ያለው ዘፈን ብዙ ስለሆነ የደራሲውን ስም ማመሳከር አትርሱ። ዘፋኙ የግድ ደራሲው አይደለም። ዘፈኑን ዝነኛ ያደረገው ሰው መጀመሪያ የዘፈነው ላይሆንም ይችላል። ከቨሩን የምታውቁት፣ ኦሪጅናሉን ጭራሽ ሰምታችሁት የማታውቁት ዘፈን ሞልቷል።

የእኛ ዘፈን ሁለት ደራሲ ነበረው፤ ድርሻው ደግሞ ለሦስት ፐብሊሸር ተከፋፍሏል። እያንዳንዱ የሚፈቅደው የራሱን ድርሻ ብቻ ነው። ሁለቱ እሺ ብለው ሦስተኛው እምቢ ካለ ዘፈኑ የለም። አንዱ ትንሽ መቶኛ ብቻ ስላለው ችላ ልትሉት አትችሉም፤ በተግባር ትልቁ ባለድርሻ በቶሎ መልሶ ትንሹ የሚያስጠብቅበት ጊዜ አለ። ለሁሉም በአንድ ቀን ጻፉላቸው። መልስ ለማግኘት ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት እንደሚወስድ አስቡ። ቢሯቸው በየቀኑ ከትልልቅ ስቱዲዮዎችና ማስታወቂያ ሠሪዎች ጥያቄ ይጎርፍለታል፤ የእናንተ ትንሽ ፊልም ወረፋው መጨረሻ ላይ ነው።

የምትጽፉት ደብዳቤ ጥሩ ከሆነ ያ ወረፋ ያጥራል። እኔ መጀመሪያ የፊልሙን ታሪክ በአንድ አንቀጽ ጻፍኩ። ቀጥሎ ዘፈኑ የሚገባበትን ትዕይንት፤ ማን እንደምትዘፍነው፣ በካሜራ ፊት መሆኑን፣ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ፣ በመሣሪያ ይታጀብ አይታጀብ። ከዚያ የፊልሙን አጠቃላይ በጀት፣ የት የት እንደሚታይ፣ ለስንት ዓመትና በየትኞቹ አገሮች ፈቃድ እንደምንፈልግ። የስክሪፕቱን ሁለት ገጽም አያያዝኩ። ትዕይንቱን አለስልሶ መጻፍ የሚፈልግ አለ፤ አታድርጉት። ፐብሊሸሩ ብዙ ጊዜ ደራሲውን ወይም ወራሾቹን ያማክራል፤ እነሱ ደግሞ ዘፈናችን ከግድያ፣ ከአደንዛዥ ዕፅ ወይም ከፖለቲካ ጋር አይታይብን ሊሉ ይችላሉ። መብታቸው ነው። ሌላ ነገር ነግራችኋቸው ፈቃድ ብታገኙ፣ ያገኛችሁት ፈቃድ ለቀረጻችሁት ትዕይንት አይሆንም።

እዚህ መሃል አንድ ሙዚቀኛ ጓደኛችን «ምን አስለቀሳችሁ? የከቨር ፈቃድ እኮ ኢንተርኔት ላይ በደቂቃ ይገኛል፤ ባለቤቱም እምቢ ማለት አይችልም» አለን። ከየት እንዳመጣው አውቃለሁ። የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ አንቀጽ 115 ላይ አስገዳጅ ፈቃድ የሚባል አለ፤ አንድ ዘፈን አንድ ጊዜ በባለመብቱ ፈቃድ ለሕዝብ ከወጣ በኋላ፣ ሌላው ሰው በሕግ የተወሰነውን ክፍያ እየከፈለ ራሱ ቀርጾ በሲዲም በዲጂታልም ማውጣት ይችላል። ከቨር አልበም የሚያወጡ ሰዎች የሚጠቀሙበት እሱን ነው። ግን ለድምፅ ብቻ ነው። ምስል ሲገባበት አይሠራም። ለሲንክ በሕግ የተቆረጠ ዋጋ የለም፤ ባለመብቱ የፈለገውን መጠየቅ፣ ከነጭራሹም መከልከል ይችላል። ጓደኛችን ያለውን ሰምተን የከፈልነው ገንዘብ ቢኖር ኖሮ ለፊልሙ ምንም አይፈይድልንም ነበር። ስለዚህ «ከቨር ላይሰንስ» የሚል አገልግሎት ስታዩ ለድምፅ ነው ወይስ ለቪዲዮ ብላችሁ ጠይቁ።

የፐብሊሸሮቹ መልስ ሲመጣ ድርድሩ ተጀመረ። ለትንሽ ፊልም ያለው ትልቁ መላ የፌስቲቫል ፈቃድ ነው። ፊልሙ በፌስቲቫሎች ብቻ እንዲታይ፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ በቀነሰ ዋጋ ይሰጧችኋል። እዚህ ድረስ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ብዙዎች የሚያልፉት ግን ኦፕሽኑን ነው። ፊልሙ ነገ አከፋፋይ ቢያገኝ፣ ወደ ቴሌቪዥንም ሆነ ወደ ኢንተርኔት ቢሄድ፣ ተጨማሪው ክፍያ ስንት እንደሚሆን ዛሬውኑ በውሉ ላይ ይጻፍ። ፊልሙ ሽልማት አግኝቶ ወሬው ከተሰማ በኋላ ተመልሳችሁ ብትጠይቁ የመደራደር ጉልበታችሁ አልቋል፤ ዘፈኑ ፊልሙ ውስጥ ተጣብቋል፣ እነሱም ያውቃሉ። እኛ በየደረጃው አስጻፍን፦ ለፌስቲቫል ይህን፣ ለኢንተርኔት ይህን፣ ለሁሉም ዓይነት ሚዲያ በመላው ዓለም ያለ ጊዜ ገደብ ደግሞ ይህን። የመጨረሻው ዋጋ ሲታይ ያስደነግጣል፤ ግን ቁጥሩን ማወቅና አለማወቅ አንድ አይደለም። አከፋፋይ ሲመጣ ሂሳቡን አስቀምጣችሁ ትነጋገራላችሁ።

ውሉ ላይ ኤምኤፍኤን የሚል ነገር ካያችሁ አትለፉት። ለአንዱ ባለመብት ከሌላው የበለጠ ከከፈላችሁ፣ የሌላውም እዚያው ድረስ ከፍ ይላል ማለት ነው፤ በየድርሻው ተሰልቶ። ሦስቱም ፐብሊሸሮች ይህን ሐረግ አስገብተዋል። ስለዚህ አንዱን በጭማሪ ለማባበል ስታስቡ የሁሉንም እያሰባችሁ ነው። አንዳንዴም ከፐብሊሸር ጋር ያለው እኩልነት እስከ ማስተሩ ድረስ ይዘረጋል። ከቨሩን ለዘፈነላችሁ ሰው የምትከፍሉት የፐብሊሸሮቹን ዋጋ እንዳያንር ውሉን በደንብ ማንበብ ነው።

ስለ ከቨሩ ማስተር ካነሳሁ አይቀር፣ ይሄኛው ጥንቃቄ ከሁሉም ቀላሉ ሆኖ ሳለ ከሁሉም በላይ ይረሳል። አዲሱን ቅጂ ያስቀረጻችሁት እናንተ ስለሆናችሁ ብቻ የእናንተ ነው ብላችሁ አታስቡ። ድምፃዊቷ፣ ጊታሪስቱ፣ አቀናባሪው፣ ስቱዲዮው፤ እያንዳንዳቸው መብት ሊያነሱ ይችላሉ። በአገሩ ሕግ ይለያያል፤ መድኃኒቱ ግን የትም አንድ ነው፣ ወረቀት። የተቀረጸውን ድምፅ ለዚህ ፊልም በማንኛውም መንገድ ለመጠቀም መብቱን ለፊልሙ አስተላልፌያለሁ የሚል አጭር ውል፣ ክፍያውን ጨምሮ፣ ስቱዲዮ ከመግባት በፊት ይፈረም። ወዳጅነት ቢኖርም ይፈረም፤ እንዲያውም ወዳጅነት ካለ ይበልጥ። ተዋናይቷም የትወና ውሏ ዘፈኑን ይሸፍን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። እኛ ለብቻው አንድ ገጽ ጨመርንበት።

ከዩቲዩብ ላይ ደስ ያላችሁን ከቨር አውርዳችሁ ልትጠቀሙ ካሰባችሁ፣ የዘፈነውን ልጅ ማስፈቀድ የግማሹን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ልጁ ሊፈቅድላችሁ የሚችለው የራሱን ቅጂ ነው፤ ዜማና ግጥሙ የእሱ አይደለም። የካራኦኬ ማጀቢያ ላይ ዘፍኖበት ከሆነ ደግሞ ቅጂውም ሙሉ በሙሉ የእሱ አይደለም፤ ማጀቢያውን የሠራው ድርጅት የራሱ ማስተር አለው። ለዚህ ነው ለማጀቢያው ከባዶ ተነስቶ ማስቀረጽን የምመክረው።

ከድርድሩ ሁሉ ትንሽ ቅር ያሰኘኝ የግጥሙ ጉዳይ ነው። ዳይሬክተሩ አንድ ስንኝ ላይ ያለው ስም ተቀይሮ የገጸ ባሕርይዋ የልጇ ስም እንዲገባ ፈልጎ ነበር። በጣም ያምር ነበር። ጠየቅን፤ አንደኛው ፐብሊሸር አይሆንም አለ። ግጥም መቀየር፣ መተርጎም፣ ዜማውን ከመሠረቱ መለወጥ ከተራ ሲንክ ውጪ የሆነ ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቅደው እንኳ ቢሆን የተለወጠው ግጥም መብት የእነሱ እንዲሆን የሚያስፈርሙ ብዙ ናቸው። በጎን ቀይረን እንዝፈነው የሚል ሐሳብ ተነስቶ ነበር፣ በፍጹም አልኩ። የሰው ግጥም ነው። ደራሲው ቃሉን የመረጠው በምክንያት ነው፤ እኛም የራሳችን ስክሪፕት ላይ ሌላ ሰው ገብቶ ስም ቢቀይርብን አንወድም። ኦሪጅናሉን ስንኝ እንዳለ ዘፈነችው።

ሌላው ደግሞ ድምፁን መምሰል ነው። ልምምድ ላይ ተዋናይቷ የመጀመሪያዋን ዘፋኝ ድምፅ አስመስላ ታወርደው ነበር፤ ሁላችንም ወደድነው። የአሜሪካ ሕግ አንድን ቅጂ አስመስሎ እንደገና መቅረጽን በራሱ የማስተር መብት ጥሰት አያደርገውም። ነገር ግን የታወቀ ሰው ድምፅ ሌላ መብት አለው። በ1980ዎቹ ፎርድ ለመኪና ማስታወቂያ እንድትዘፍን አሜሪካዊቷን ዘፋኝ ቤት ሚድለርን ጠየቀ፣ እምቢ አለች። የዘፈኑን የዜማና የግጥም ፈቃድ ግን በአግባቡ አግኝተው ነበር። ከዚያ የቀድሞ አጃቢ ዘፋኟን ቀጥረው እሷን አስመስላ እንድትዘፍን አደረጉ። ሚድለር ከሰሰች፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1988 መክሰስ ትችላለች አለ፣ በኋላም 400,000 ዶላር ተፈረደላት። ዘፋኙ ቶም ዌይትስም በተመሳሳይ ጉዳይ አንድ የቺፕስ ማስታወቂያ ላይ ከስሶ አሸንፏል። ሁለቱም ማስታወቂያ ናቸው፤ ፊልም ላይ ነገሩ ጠበብ ይላል። ቢሆንም ተመልካች «ራሷ ናት እንዴ የዘፈነችው?» ብሎ እንዲሳሳት አስቦ መሥራት አያስፈልግም። ለተዋናይቷ ነገርናት፤ በራሷ ድምፅ፣ ዝግ አድርጋ፣ ትንፋሿ እየተሰማ ዘፈነችው። ለትዕይንቱም የተሻለው ይሄኛው ሆነ፤ ልብስ የምታጣጥፍ ሴት እንጂ መድረክ ላይ ያለች ዘፋኝ አትመስልም።

ደጋግሜ የምሰማቸው ሌሎች ወሬዎችም አሉ። ከተወሰነ ሰከንድ በታች ነፃ ነው የሚባለው ውሸት ነው፤ እንዲህ የሚል የሰከንድ ሕግ የለም። ክሬዲት ላይ ስም መጻፍ ምስጋና ነው እንጂ ፈቃድ አይደለም። ለትርፍ አለመሥራታችሁ ዋጋውን ሊቀንስላችሁ ይችላል፣ ፈቃዱን አያስቀርም። ገጸ ባሕርይ ያለ ሙዚቃ መሣሪያ ዜማውን ብታንጎራጉረው ወይም ብታፏጨውም ዜማው ዜማ ነው።

በጀት ከሌላችሁ ግን ተስፋ አትቁረጡ፤ ከቨር በእውነት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የጥበቃ ዘመኑ ያለፈ ዘፈን ዜማና ግጥሙ የሁሉም ነው። በአሜሪካ ቆየት ያለ የታተመ ሙዚቃ የሚጠበቀው ከታተመ በኋላ ለ95 ዓመት ነው፤ በ1930 የታተሙት ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ ነፃ ወጥተዋል። በአውሮፓ ኅብረትና በእንግሊዝ ደራሲው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ነው፤ ግጥምና ዜማ ለአንድ ዘፈን አብረው ሲሠሩ ደግሞ ከሁለቱ ደራሲዎች በመጨረሻ ከሞተው ይቆጠራል። የድሮ ቅጂዎች የራሳቸው ሌላ የጊዜ ስሌት አላቸው፤ እናንተ ግን ቅጂውን ራሳችሁ ስለምትሠሩ እሱ አያገባችሁም። ዜማው ነፃ፣ ቅጂው የእናንተ። ከዚህ በላይ ንጹሕ መንገድ የለም። ጥንቃቄው፣ የኋላ ዘመን ሰው ያቀናበረውን ሳይሆን የመጀመሪያውን ሥራ መሠረት አድርጉ፤ አዲስ ቅንብር አዲስ መብት አለው። አንድ አገር ነፃ የሆነው ሌላ አገር ላይሆን ስለሚችልም ፊልሙ የሚታይባቸውን አገሮች ተመልከቱ።

ሁሉም ሰው ነፃ ነው ወይም አይደለም ስላለም አትመኑ፣ ራሳችሁ አጣሩ። ዓለም ሁሉ ልደት ላይ የሚዘፍነው «ሃፒ በርዝዴይ» ለረጅም ዘመን ክፍያ ሲሰበሰብበት ኖሯል። ስለዘፈኑ ዶክመንተሪ የምትሠራ አንዲት ዳይሬክተር 1,500 ዶላር ከፍላ፣ በ2013 ፐብሊሸሩን ከሰሰች። ዳኛው በ2015 ድርጅቱ በግጥሙ ላይ የሚጸና መብት እንደሌለው ወሰነ፤ ጉዳዩም በሚቀጥለው ዓመት በ14 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ። ያቺ ሴት የቆዩ ሰነዶችን ባታስፈትሽ ኖሮ ሌሎች ፊልም ሠሪዎች እስካሁን ይከፍሉ ነበር። አከብራታለሁ።

ፊልሙ ካለቀ በኋላ ሁለት ነገር ገጠመን። ትሬይለሩን ዩቲዩብ ላይ ስንጭን ኮንቴንት አይዲ የሚባለው፣ የሰው ሥራ መኖሩን በራሱ የሚፈትሸው የዩቲዩብ ሥርዓት፣ ወዲያው ያዘው። ሥርዓቱ ቅጂን ብቻ ሳይሆን ዜማንም ይለያል፤ ከቨር ነው ብሎ አያልፍም። ትሬይለር ብዙ ጊዜ ከፊልሙ የተለየ ፈቃድ ነው፤ እኛ ቀድመን በውሉ አስገብተነው ስለነበር ውሉን ለፐብሊሸሩ ልከን ተለቀቀ። ቻናላችሁን ቀድማችሁ ብታስመዘግቡላቸው ይሄም ላይገጥማችሁ ይችላል።

ሁለተኛው አከፋፋዩ ነው። ፊልሙን ከማየቱ እኩል የመብት ሰነዶቹን ጠየቀ፤ የመብት ክስ ቢመጣ ለሚሸፍነው ኢንሹራንስ ያስፈልጋልና። ሦስቱን የሲንክ ውሎች፣ የድምፃዊቷንና የሙዚቀኞቹን ፊርማ፣ ኪው ሺቱን በአንድ ፎልደር ሰጠነው። ኪው ሺት ፊልሙ ውስጥ ያለው ሙዚቃ ሁሉ በየሰከንዱ፣ ከነደራሲውና ከነፐብሊሸሩ ከነድርሻው የሚዘረዘርበት ሰንጠረዥ ነው። ፊልሙ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ደራሲዎቹ ከማኅበራቸው ገንዘብ የሚያገኙት በእሱ ነው፤ ስለዚህ ለወረቀት ሥራ ብላችሁ ሳይሆን ለሰዎቹ ብላችሁ በትክክል ሙሉት። የራሳችሁ የሙዚቃ ደራሲም ከዚያው ነው የሚከፈለው።

አንድ የቀረ ነገር፦ ኦፕሽን የማብቂያ ቀን አለው። ቀኑ ካለፈ የተስማማችሁበት ዋጋ አይሠራም፣ ድርድሩ እንደ አዲስ ይጀመራል። ብዙ ጊዜ በጽሑፍ ማሳወቅና እስከዚያ ቀን ክፍያውን መፈጸም ይጠበቃል። የሦስቱም ፐብሊሸሮች ቀን የተለያየ ነበር። እኔም ዳይሬክተሩም ስልካችን ላይ መዝግበን፣ ከመድረሱ ከወር በፊት እንዲያስታውሰን አድርገነው ነበር።